እግሬ ከጫማዎቹ ጋር ነው

አስተማሪ ነኝና ከመተረኬ በፊት ማስረዳት ይቀናኛል። ተማሪዎቼ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ «ቲቸር፣ ታሪኩን!» እያሉ ያቋርጡኛል። እናንተ ግን ትንሽ ታገሱኝ፤ የክራንቼን ነገር ሳታውቁ የዚያችን እሑድ ነገር አታውቁትም።

ግራ እግሬ ደህና ነው። ቀኝ እግሬ ሕፃን ሳለሁ በያዘኝ ፖሊዮ ሰለለ፤ መሬት ይነካል እንጂ አይሸከመኝም። የሚሸከመኝ በቀኝ ብብቴ ሥር የማስገባው የእንጨት ክራንች ነው። ለማያውቀው ሰው ክራንች እጅ የሚያስር ዕቃ ይመስለዋል። ብብት ሥር በደንብ ገብቶ ሰውነት ከተደገፈበት ግን፣ ቆም ባሉ ጊዜ ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉ። እኔ እንዲህ ቆሜ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ በአንድ እጄ ደብተር ይዤ በሌላው አርማለሁ። የክራንቹ ጫፍ ጎማ አለው። ሲያልቅ ዳንግላ ገበያ ዳር የሚቀመጥ አንድ ጫማ ሰፊ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ይመታልኛል፤ በረባሶ ከሚሠራበት ከዚያው ጎማ ማለት ነው። አንድ ቀን ሚስማሩን እየመታ «ሦስተኛው ጫማሽ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ የምትሄጂ ሰው ነሽ» ብሎ አሳቀኝ። ይህችን ቀልድ ያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። እኔ የጫግኒ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ቆላው ላይ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቼ ዳንግላ ከተመደብኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ የጠዋቱን ብርድም አልለመድኩትም። ሥራዬን እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በየቀለማቸው ለይቼ የማስቀምጥ፣ የነገውን ትምህርት ዛሬ ማታ የምለማመድ ዓይነት ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ግን እንዲህ የተስተካከልኩ አልነበርኩም። በልጅነቴ እናቴ ያላደረሰችኝ ጠበል የለም። በየደረስንበት ሰው ሁሉ የሚያየው እግሬን ነው፤ ስሜን የሚጠይቀኝ ጥቂት ነበር። እግሬ እንደሄደ ሲመለስ «እምነቷ ጎድሎ ይሆናል» የሚል አይጠፋም። «የአባት የእናት ኃጢአት ቢኖር ነው» የሚልም አለ። ይህን ጊዜ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ የተፈወሱ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። በእኔ ልብ ውስጥ ግን አንድ ሐሳብ ተተከለ፤ ቤተ ክርስቲያን የምትጠብቀው እኔን ሳይሆን መዳኔን ነው፣ እስክድን ድረስም ቦታዬ ውጭ ነው የሚል። ማንም ውጭ ሁኚ ብሎኝ አያውቅም። እኔው ራሴ ከቅጥሩ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ድንጋይ መርጬ ተቀመጥኩ። ዳንግላም መጥቼ ያንኑ አደረግሁ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይደርሰኛል። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ ብሎ ሲያዝዝ ሕዝቡ ሁሉ ይነሣል፤ እኔ ደግሞ እንደተቀመጥኩ አንገቴን እደፋለሁ።

እንዲህ ሳለሁ ነው ደብሬ የመጣችብኝ። ደብሬ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ የቅርብ ጓደኛዬም ናት። የመጀመሪያ ልጇን ሴት ወልዳ አራስ ቤት ሳለች እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። የሕፃኗ የክርስትና ቀን ሲቃረብ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ሰብልዬ፣ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ ሰላምታም ሳትሰጠኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። ምነው፣ ሌላ ሰብለ አለች እንዴ?»

«አማትሽስ ሰምተዋል?»

«ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

ደብሬ ነጠላዋን አስተካከለች። መዋሸት የማትችል ሰው ናት። «‹ራሷን ማንሳት ያቃታት የልጄን ልጅ ልታነሳ ነው?› አሉ» አለች። «እኔም ‹ቃል የምትገባላት ነው የፈለግሁ፤ ጆንያ የምታነሳልኝ ብፈልግማ ወፍጮ ቤት እሄድ ነበር› አልኳቸው።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ስቄ ስጨርስ አመመኝ። የክርስትና እናት መሆንን በአማርኛችን «ክርስትና ማንሳት» እንለዋለን፤ የእማማ እንጉዳይ ነገር ከዚህ ቃል ላይ የተመዘዘ ነበር። እማማ እንጉዳይ የደብሬ ባል የአለኸኝ እናት ናቸው። የተቃወሙበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ልጅ በክርስትና እናቱ ይወጣል ይባላል፤ ደግ ከሆነች ደግ፣ ቁጡ ከሆነች ቁጡ። እማማ እንጉዳይ የፈሩት የልጅ ልጃቸው በእኔ እንዳትወጣ ነው። በእኔ ጠባይ ሳይሆን በእግሬ።

«እኔ ደግሞ የመረጥኩሽ ለዚሁ ነው» አለችኝ ደብሬ። «በአንቺ ትውጣልኝ።»

እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ በኋላ ነው የገባሁበት ነገር የታየኝ፤ ክርስትና ለማንሳት መጀመሪያ እኔ ከዛፉ ሥር መነሣት ነበረብኝ።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ አለኸኝ ጋሪውን ይዞ ደጃፌ ደረሰ። እሱ የሚተዳደረው በጋሪ ነው፤ ፈረሱን ዳማው ይለዋል። ክርስትናው እንዲሆን የተፈለገው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእንጅባራ መንገድ፣ በእማማ እንጉዳይ አጥቢያ ነበር። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ጋሪው ላይ እማማ እንጉዳይ፣ ሕፃኗን ደረቷ ውስጥ የሸጎጠች ደብሬ፣ አንዲት ስመኝ የምትባል የእማማ እንጉዳይ የወንድም ልጅ ነበሩ። ስመኝ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ የታጠፈ ነጭ ፎጣ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ የሚያዩት ግን ፈረሱን ነበር።

አለኸኝ ክራንቼን ተቀብሎ አወጣኝና «ዛሬ ዳማውም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የክብር እንግዳ ጭኗል» አለ።

«ለፈረስማ አራት እግር ሰጥቶታል፤ ምን ቸገረው» አሉ እማማ እንጉዳይ።

ደብሬ ልትመልስ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ለመንኳት፤ ተወችው። ትንሽ እንደሄድን እማማ እንጉዳይ ከስመኝ ጋር በአገሬው ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ መነጋገር ጀመሩ። እኔ አውኝኛ ብዙም አልችልም፤ ከተማሪዎቼ ግን ጥቂት ጥቂት ለቅሜያለሁ። ተዘጋጅተሽ አጠገብ ሁኚ እያሏት እንደሆነ ገባኝ። ፎጣው ለምን እንደመጣ ያን ጊዜ አወቅሁ።

የክርስትና ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ደጃፏ ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አያ ደሴ ይባላሉ፤ የበሩ ጠባቂ ናቸው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሁለት ጫማዬን አወለቅሁና ልገባ ስል መቋሚያቸውን በር ላይ አጋደሙት።

«እሱንም» አሉኝ።

«የቱን፣ አያ?»

«ጫማውን።»

«አውልቄያለሁ እኮ» ብዬ ባዶ እግሬን አሳየኋቸው።

«ሁለቱን አወለቅሽ። ሦስተኛው ቀርቷል።» በመቋሚያቸው ጫፍ የክራንቼን ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይሄ ጫማ አይደለም፣ አያ።»

«ጎማ አይደለም?»

«ነው።»

«የመኪና ጎማ አይደለም?»

«ነው።»

«ሚስማር ተመትቶበት የለም?»

«ተመትቶበታል።»

«እንግዲህ ጎማ ለብሶ፣ ሚስማር ተመትቶበት፣ ጭቃ ረግጦ የመጣ ነገር ጫማ ካልሆነ ምንድን ነው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ።»

ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ ሙሉ ማርክ እሰጣቸው ነበር። ጫማ ሰፊውም ያለው እኮ ይህንኑ ነው።

«እርስዎስ መቋሚያ ይዘው የለም?» አልኳቸው።

«ይሄ የጸሎት ነው፤ ከቅጥር ወጥቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው አንድ መቋሚያ ያውሱኝ።»

አያ ደሴ አሰቡ። ሰውየው ክፉ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ አይቻለሁ፤ ከልባቸው ነበር የሚያስቡት። «መቋሚያ ለመቆሚያ ነው፤ ለመሄጃ አልተፈቀደም» አሉ በመጨረሻ።

ከኋላዬ የእማማ እንጉዳይ ድምፅ መጣ። «ደሴ እውነቱን ነው። ሥርዓት ነው፤ ለሰው ተብሎ አይፈርስም። ስመኝ፣ ነይ እለፊ።»

ዞር ብዬ ቅጥሩን አየሁ። እዚያም ዛፍ አለ። ሥሩም ድንጋይ አለ። ስፍራዬን ይዞ ሲጠብቀኝ የቆየ መሰለኝ። መሄድ ቀላል ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም ነበር፤ እንዲያውም «ትሕትናዋ!» ይሉኝ ነበር። ደብሬ ግን ክንዴን ያዘችኝ።  ሕፃኗ ከጋቢው ውስጥ ትንፋሽዋ ይተናል።

ክራንቼን ከበረባሶዎቹ መካከል ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከዚያ በሩን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን እየያዝኩ በግራ እግሬ እንጣጥ እያልኩ ገባሁ።

ቄሱ፣ አባ ሙላት፣ ጸሎቱን ጀምረው ነበር። መካከል ላይ የውሃው ገንዳ አለ፤ ወለሉ ብዙ እግር ያለሰለሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ደብሬ ልጇን ታቅፋ ከጎኔ ቆመች። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ዞርኩ። እጄን በሕፃኗ ራስ ላይ አድርጌ በእሷ ስም ሰይጣንን ካድሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በእሷ ስም አመንኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደማስተምርበት ድምፅ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ስንት ዓመት በድምፅ ማጉያ ብቻ የሰማሁት ነገር ውስጥ ገብቼ እየተናገርኩ ነበር።

አባ ሙላት ሕፃኗን ከደብሬ ወስደው አጠመቋት። ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። ከውሃው አውጥተው ከፍ አድርገው ያዟትና «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ነይ ተቀበይ።»

ከግድግዳው እስከ ገንዳው ያለው ርቀት ለእናንተ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን መካከሉ ላይ የሚያዝ ነገር አልነበረም። እንጣጥ ብል እደርሳለሁ፤ ታዲያ እንጣጥ እያልኩ እርጥብ ሕፃን እንዴት ልይዝ? እጄን ከግድግዳው አላቀቅሁና መልሼ ያዝኩት።

«ምን ሆነሻል? ልጅቷ በረዳት!»

«አባ፣ እግሬ ውጭ ነው» አልኩ።

«ምንሽ?»

«እግሬ ከጫማዎቹ ጋር ነው።»

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። አባ ሙላት ባዶ እግሮቼን አዩ፤ ግራ ገባቸው። አያ ደሴ ከበሩ ሆነው አስረዱ። «ጎማ ያለውን እንጨቷን ነው፣ አባ። እኔ ነኝ ደጅ ያስቀመጥሁት።»

«ደግ አደረግህ» አሉ አባ ሙላት። ሥርዓት አክባሪ ቄስ ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በይ እዚያው ሁኚ፤ ሌላ ሴት ትቀበልልሽ» አሉ።

ስመኝ ፎጣውን ዘርግታ ሁለት እጇን ወደፊት ሰጥታ ቆማ ነበር።

ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ቄስ ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ቶሎ በይ።»

«አሁን በዚህች ልጅ ስም ሰይጣንን የካደ ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«ያመነላትስ?»

«አንቺው።»

«ታዲያ ቃሉ የእኔ ሆኖ እጁ የሌላ ሰው ይሆናል? ነገ ስለእሷ የሚጠየቀው ማን ነው?»

 ሕፃኗ ትጮኻለች። እማማ እንጉዳይ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! ለአንድ እንጨት ሲባል ልጄ በብርድ ታልቅ! ምን ያለች ጨካኝ ናት!»

እውነታቸውን ነበር። ይህን አልደብቃችሁም፤ ልጅቷ ከእኔ ክርክር በላይ ናት። «ስመኝ ትቀበል» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አባ ሙላት ግን ቀደሙኝ። የራሳቸውን ጋቢ ጎትተው ሕፃኗን ጠቀለሏትና ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ጩኸቷ ወደ ሲቃ ወረደ።

«ደሴ» አሉ በዝግታ።

«አቤት፣ አባ።»

«ዛሬ በምን መጣህ?»

«በእግሬ ነዋ።»

«በጫማ?»

«ጫማ ምን ያደርግልኛል? ከተወለድሁ አላደረግሁም።»

«እግርህ ምን እየረገጠ መጣ?»

አያ ደሴ ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ተረከዛቸው እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ነው። «መሬት ነዋ። ጭቃ።»

«ታዲያ እግርህን ደጅ አስቀምጠህ ነው የገባህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ደሴ ግን ቅር አላቸው። «እኔማ ታጥቤ ነው የገባሁ!»

«እንግዲያስ» አሉ አባ ሙላት፣ «የእሷንም አጥበህ አምጣው።»

አያ ደሴ ክራንቼ ወዳለበት ዞረው አዩ። ከዚያ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ አየሁ፤ ከባድ ሒሳብ ሲሠራ የቆየ ተማሪ መልሱ ሲመጣለት እንደሚሆነው። መቋሚያቸውን በሩ ላይ ትተው ወጡ።

በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉን አየሁ። ተንበረከኩ። ክራንቼን ከጫማዎቹ መካከል አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ የእንግዳ እግር የሚያጥብ ሰው እግሩን እንደሚያጋድም። ከማሰሮ ውሃ አፈሰሱበት። ጎማውን በመዳፋቸው አሹት። በሚስማሮቹ ዙሪያ የገባውን ጭቃ በጥፍራቸው አወጡ፤ እንደገና አፈሰሱ፤ እንደገና አሹ። እኔ ስለ ልጅቷ ብርድ እየሠጋሁ ቶሎ በሉ ልል ነበር። ግን ሰውነቴ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ይሰማኝ ነበር። እዚያ የሚታጠበው እንጨት ነው፤ የሚሰማው ግን ለእኔ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት በየጠበሉ ውሃ ሲፈስብኝ ውሃው እግሬን ሊለውጥ ነበር የሚፈስሰው። እግሬን እንዳለ ተቀብሎ ያጠበኝ ግን ያ የመጀመሪያው ውሃ ነው።

በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁት። ሁለት እጃቸው ላይ አጋድመው ይዘው ገቡና «እንኪ፣ ልጄ» አሉኝ።

ክራንቼን ብብቴ ሥር አስገብቼ ከግድግዳው ተላቀቅሁ። ወደ ገንዳው ሄድኩ። አባ ሙላት ፊት ቆምኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሕፃኗን ከጋቢያቸው አውጥተው ክንዴ ላይ አኖሯት። ክብደቷ ሲያርፍብኝ የክራንቹ ጫፍ ተንሸራተተ።

ጎማው ከላይ ደርቋል እንጂ በሚስማሮቹ መካከል ውሃ ይዞ ነበር፤ ወለሉም የለሰለሰ ድንጋይ ነው። ክራንቹ ወደፊት ሸሸ፤ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። የእማማ እንጉዳይን ጩኸት ሰማሁ። ሕፃኗን ደረቴ ላይ አጥብቄ ከመያዝ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ክራንቹ ቆመ። የሆነ ነገር ያዘው። ወደታች ሳይ የአያ ደሴ ባዶ እግር ከክራንቼ ጫፍ ፊት ተተክሏል። ያ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ድንጋዩን ጨምድዶ ይዞ ጎማውን ገትሮታል።

«አለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ።

የቀረውን ሁሉ እንዲሁ ሆነን ፈጸምን። ሜሮን ስትቀባ፣ ማዕተቧ ሲታሰር፣ ወለተ ሐና ተብላ ስትሰየም አያ ደሴ እግራቸውን አላነሡም። ከዚያ ወደ ቅዳሴው ገባን፤ እኔም ልጄን ታቅፌ፣ ሦስት እግሬን ይዤ። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል እንደ ልማዴ አንገቴን ልደፋ ስል ትዝ አለኝ፤ ቆሜ ነበር።

ስንወጣ አያ ደሴ ጫማዎቹ ዘንድ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ከፍቶኝ ነበር፣ አያ።»

«ለክፋት አይደለም። ጎማ ሳይ ጊዜ ጫማ መሰለኝ።»

«አልተሳሳቱም፤ የሠራውም ጫማ ሰፊ ነው።»

በጣም ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው የቀረው።

እማማ እንጉዳይ በመመለሻችን ላይም ከእኛው ጋር በጋሪው መጡ። ሕፃኗን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ከተማው መግቢያ ላይ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። «እንኪ ያዣት» አሉኝ። «ክንዴ ዛለ።» ክንዳቸው እንዳልዛለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ፣ አንባቢዎቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ማንም አልተፈወሰም። እግሬ ዛሬም እንዳለ ነው። ነገር ግን ከዚያች እሑድ በኋላ ድንጋዬ ላይ ተመልሼ አልተቀመጥኩም። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ማስተማር ጀመርኩ፤ ሳስተምርም ድሮ ያላየሁት ይታየኝ ጀመር። ዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ እሑድ በመጻጉዕ ስም ተሰይሟል። ያ በሽተኛ ልትድን ትወዳለህን ሲባል መጀመሪያ የተናገረው ስለ እግሩ አልነበረም፤ ወደ ውሃው የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ነው ያለው። ከሕመሙ የባሰበት ሰው ማጣቱ ነበር። እኛ ግን ቃሉን ወስደን ስድብ አደረግነው፤ አካሉ የደከመውን ሁሉ «መጻጉዕ» እያልን እንጠራለን፣ «ሰው የለኝም» ያለውንም እንረሳለን። ለእኔ የዚያ መልስ «አለሁ» የሚለው የአያ ደሴ ቃል ነው።

ሌላም ልጨምር፤ አስተማሪ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ። ጌታችን ከሙታን ሲነሣ የችንካሩን ምልክት አላጠፋውም። ሊያጠፋው ይችል ነበር። ቶማስ ያወቀው ግን በዚያ ምልክት ነው። መነሣትና ምልክት አብረው የሚኖሩ ከሆነ፣ «ተነሡ» የሚለው ጥሪ እስክንድን ድረስ ለእኔና ለመሰሎቼ የሚዘገይ ጥሪ አይደለም ማለት ነው። እኔ ከነክራንቼ፣ መስማት የተሳነው ከነምልክት ቋንቋው፣ ዓይነ ስውሩ ከነበትሩ ተጠርተናል። እናንተም በሚቀጥለው እሑድ ስትገቡ፣ እባካችሁ ደጃፉን እዩት። ከጫማዎቹ ጋር የቀረ እግር ይኖር ይሆናል።

የክርስትና ልጄ ማስተዋል፣ የዓለም ስሟ ይህ ነው፣ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን የበቆሎ አገዳ ብብቷ ሥር አስገብታ ግቢው ውስጥ እንደ እኔ እየሄደች ደረስኩ። ልቤ ደነገጠ፤ እማማ እንጉዳይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበርና። «አላልኳችሁም?» አሉ። «በክርስትና እናቷ ወጣች።» አገዳውን ግን አልቀሟትም። እንዲያውም ረዝሞባት ስለነበር ጫፉን ሰብረው አስተካከሉላት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ክርስትናው በሆነበት በዚያው ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ወደዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቀኑ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ቀን ነው። አባ ሙላት ዝቅ ብለው ያጥባሉ፤ አያ ደሴ ከማሰሮው ውሃ ያፈስሳሉ። ተራዬ ደረሰ። ሁለት እግሬን አጠቡኝ፤ አደረቁኝ፤ ወደሚቀጥለው ሰው ሊያልፉ ተነሡ።

አያ ደሴ ማሰሮውን እንዳዘነበሉ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

«አባ» አሉ፣ «ሦስተኛው ቀርቷል።»